የኮምፓይለር ኮንፊግ ፋይል ስም ከመቀየራችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው የራሳቸውን ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ሌላ ኮድ የሚተረጉም ፕሮግራም) ወይም ሌላ መሰል መሣሪያ ለሚንከባከቡና «ይህ የፋይል ስም ግራ ያጋባል፤ እንቀይረው» የሚል ሐሳብ ለመጣላቸው ሰዎች ነው። ሥራው ወደ እኔ የመጣው አንድ ጊዜ ተሞክሮ፣ ለተጠቃሚ ተለቅቆ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ምን እንደጎደለው በቅርብ ለማየት ዕድሉ ነበረኝ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከመነሻው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ኮምፓይለራችን ትንሽ ነው። ለኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚጻፉ የታሪፍ ሕጎችን ተቀብሎ (እስከዚህ ኪሎዋት ሰዓት ድረስ በዚህ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ በዚያ ዋጋ የሚሉትን) ቆጣሪው ውስጥ ላለችው ቺፕ የሚሆን የሲ ኮድ ያወጣል። የተጻፈው ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኮንፊግ ፋይሉ የቺፑን ዓይነት፣ የቁጥሮቹን ስፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳንቲም እንዴት እንደሚጠጋጋ ይናገራል። ስሙ «ኮንፊግ.ቶምል» ነበር፤ ቶምል እንዲህ ያሉ ቅንብሮች የሚጻፉበት የጽሑፍ ቅርጽ ነው። ኮንፊግ ፋይል የሌለው ፕሮጀክትም ይሠራል፤ ኮምፓይለሩ የራሱን ዲፎልት (ማንም ካልነገረው የሚጠቀምበትን ቅንብር) ይወስዳል። ይህችን ነገር ልብ በሉ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከእርሷ ነው።

ስሙ ይቀየር የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም። እዚያው ሪፖ (ኮዱ የሚቀመጥበት ማኅደር) ውስጥ የረስት መገንቢያ መሣሪያ የሆነው ካርጎ የሚያነበው «.ካርጎ/ኮንፊግ.ቶምል» አለ። የሰነዶቹ ድረ ገጽ የሚሠራው ሁጎ በሚባለው የድረ ገጽ ማምረቻ መሣሪያ ስለነበር የእርሱም ፋይል «ኮንፊግ.ቶምል» ነበር። አዲስ የመጣ ሰው «ኮንፊጉን አስተካክል» ሲባል የመጀመሪያ ጥያቄው «የቱን?» ነው። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ሁጎ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 0.110.0 ቨርዥኑ ዋናውን ስም «ሁጎ.ቶምል» አደረገና የድሮውንም ማንበቡን ቀጠለ። የረስት ኮምፓይለር ራሱን ለመገንባት የሚጠቀምበትን ፋይል እ.ኤ.አ. በ2025 ከ«ኮንፊግ.ቶምል» ወደ «ቡትስትራፕ.ቶምል» ቀየረው፤ አዲሱን ስም አስቀድሞ ይፈልጋል፣ ካጣው ወደ ድሮው ይመለሳል። እኛም የራሳችንን «ታሪፍ.ቶምል» አልነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ሲነበብ ምንም ነውር የለበትም። ኮምፓይለሩ ኮንፊጉን የሚፈልገው ካለበት ፎልደር ጀምሮ ወደ ላይ፣ ወደ ወላጅ ፎልደሮች እየወጣ ነው። አዲሱ ኮድ መጀመሪያ «ታሪፍ.ቶምል»ን እስከ ላይ ድረስ ይፈልጋል፤ ካላገኘ እንደገና ከታች ጀምሮ «ኮንፊግ.ቶምል»ን ይፈልጋል። ቴስቶቹ ሁሉ አለፉ፤ እያንዳንዱ ቴስት በአንድ ፎልደር ውስጥ ነበርና። ከዚያ አንድ ባልደረባችን አዲሱን ስም ሊሞክር ብሎ ሆም ፎልደሩ ላይ አንድ «ታሪፍ.ቶምል» አስቀመጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ያሉ የድሮ ፕሮጀክቶች በሙሉ የራሳቸውን «ኮንፊግ.ቶምል» ትተው ሆም ላይ ያለውን ያነቡ ጀመር። አዲሱ ስም ሩቅም ቢሆን ቅርብ ያለውን አሮጌ ስም ያሸንፋል ማለት ነው።

ኮምፓይለሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ኮዱ ወጣ፣ ቺፑ ላይ ተጫነ፣ ሠራ። ልዩነቱ የታየው በሙከራ ጠረጴዛው ላይ ሒሳቡ በሳንቲም ሲዛነፍ ነው፤ ፕሮጀክቱ ግማሽ ሲመጣ ወደ ተጋማሹ ቁጥር አጠጋጋ ሲል፣ ሆም ላይ ያለው ፋይል ግን ወደ ታች ቁረጥ ይል ነበር። ደግነቱ ስህተቱ ያለበት ቆጣሪ ወደ ደንበኛ ቤት አልደረሰም። ሰዉ መጀመሪያ የጠረጠረው የሒሳብ ላይብረሪውን ነበር፣ ቀጥሎ የሲ ኮምፓይለሩን፣ ቀጥሎ ቺፑን። ኮንፊግ ፋይሉን ማንም አልጠረጠረም፤ እዚያው ዓይን ፊት ተቀምጧልና። በመጨረሻ አንዱ ስትሬስ በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ኮምፓይለሩ የሚከፍታቸውን ፋይሎች ሲያይ ነው የሆም ፎልደሩ ብቅ ያለው። ለውጡ በዚያው ቀን ተመለሰ።

እኔ ስረከበው የመጀመሪያ ሥራዬ ስሙን መንካት አልነበረም። ኮምፓይለሩ የትኛውን ኮንፊግ እንዳነበበ እንዲናገር ማድረግ ነበር፤ አንድ ኮማንድ «የምጠቀመው ይህንን ፋይል ነው» ብሎ መንገዱን ያሳያል፤ የሚወጣው የሲ ፋይልም በራስጌው ላይ ኮንፊጉን ይጠቅሳል። ይህ ለብቻው፣ ስሙ ከመቀየሩ አንድ ቨርዥን ቀድሞ ወጣ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በሚወጣው ፋይል ላይ ሙሉውን የፎልደር መንገድ አትጻፉ። እንዲያ ከሆነ አንዱ ኮድ በሁለት ኮምፒውተር ሲገነባ የተለያየ ፋይል ይወጣል፤ ውጤቱን ባይት በባይት የሚያወዳድሩ ሰዎች ያዝኑባችኋል። ከፕሮጀክቱ አንጻር ያለውን አጭር መንገድና የይዘቱን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) መጻፍ ይበቃል።

ቀጥሎ የፍለጋው ቅደም ተከተል ተቀየረ። በእያንዳንዱ ፎልደር ላይ መጀመሪያ አዲሱ ስም፣ እዚያው ላይ የድሮው ስም፣ ሁለቱም ከሌሉ ወደ ላይ አንድ ደረጃ። ቅርበት ከስም ይቀድማል። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህ አይርሳችሁ፤ ወደ ወላጅ ፎልደር እየወጣ የሚፈልግ ማንኛውም መሣሪያ ላይ ይሠራል።

ከዚያ «የለም» የሚለው ቃል ራሱ ችግር ሆነ። በረስት ኤግዚስትስ የሚባለው ፋንክሽን «የለም» ብሎ ሲመልስ ፋይሉ በእርግጥ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሊያይ ሞክሮ አልቻለም ማለት ነው። የመግባት ፈቃድ በሌለን ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይልም፣ መድረሻው የጠፋ ሲምሊንክም (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ሁሉም «የለም» ይባላሉ። ስም ሳይቀየር በፊት ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። ሁለት ስም ሲኖር ግን «የለም» የሚለው መልስ ወደ ሌላ ፋይል ይመራል። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቁን ትተን ፋይሉን በቀጥታ ለመክፈት እንሞክራለን፤ ስህተቱ «አልተገኘም» ከሆነ ብቻ ወደ ድሮው ስም እንሄዳለን። ፈቃድ የለም ከተባለ፣ ወይም ፋይሉ ተገኝቶ የቶምል ሰዋስዉ ከተበላሸ፣ እዚያው ይቆማል። የተሰበረ ሲምሊንክ ሲከፈትም «አልተገኘም» ስለሚል እርሱን ለብቻው መፈተሽ አስፈልጎናል። ተጠቃሚው በራሱ አፍ «ይህንን ፋይል አንብብ» ብሎ መንገድ ከሰጠ ደግሞ ስሙ ምንም ይሁን ምን እርሱ ይነበባል፤ ከሌለ ስህተት ነው እንጂ ሌላ መፈለግ የለም።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ሁለቱም ፋይሎች በአንድ ፎልደር ሲገኙ ምን ይሁን የሚለው ነው። ብዙዎቻችን «አዲሱ ያሸንፋል፤ ሌላ ምን አለ?» አልን። ካርጎ ግን የመረጠው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በወጣው 1.39 ቨርዥን «.ካርጎ/ኮንፊግ» የሚባለው ፋይል «.ቶምል» የሚል ቅጥያ ይዞ እንዲመጣ ተፈቀደ፤ ሁለቱም ካሉ ግን የሚነበበው ቅጥያ የሌለው፣ የድሮው ነው። የትኛው የረስት ቨርዥን እንደሚሠራ የሚናገረው «ረስት-ቱልቼይን» የሚባለው ፋይልም ላይ ያለው ሕግ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሳየው ግራ ገባኝ። ሳስበው ግን ብልሃት አለው። የድሮው ካርጎ አዲሱን ስም አያውቅም፤ ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ካሉ የሚያነበው የድሮውን ብቻ ነው። አዲሱም የድሮውን ካነበበ፣ አንድ ፕሮጀክት ላይ የተለያየ ቨርዥን ይዘው የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንድ ውጤት ያገኛሉ። የረስት ቡትስትራፕ (የረስት ኮምፓይለር ራሱን የሚገነባበት መሣሪያ) ግን አዲሱን ማስቀደሙ አያስወቅሰውም፤ መሣሪያው ከሚገነባው ኮድ ጋር በአንድ ሪፖ አብሮ ይጓዛልና።

ታዲያ እናንተ የትኛውን ትመስላላችሁ? እኛ የምንመስለው ካርጎን ነው፤ ኮምፓይለሩ ለብቻው ይጫናል፣ አንዱ ፕሮጀክት ላይ አሮጌም አዲስም ቨርዥን ይሮጣል። ሆኖም የካርጎን መንገድ ሙሉ በሙሉ አልወሰድንም። ሰው አዲሱን ፋይል ከፍቶ ቁጥር ይቀይርና ምንም ለውጥ ያጣል፤ ማስጠንቀቂያው ቢኖርም በሎግ ጫካ ውስጥ ማን ያየዋል? ሥራችን የገንዘብ ሒሳብ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ፎልደር ከተገኙ ኮምፓይለሩ ይቆማል። «ይህማ የድሮ ፕሮጀክት ያበላሻል» የሚል ተቃውሞ መጣ። አያበላሽም፤ ከለውጡ በፊት «ታሪፍ.ቶምል» የሚባል ፋይል ያለው ፕሮጀክት አልነበረም። ቀድሞ ሊኖር በማይችል ሁኔታ ላይ የሚመጣ ስህተት የማንንም የቆየ ሥራ አይነካም። ይህን ለማለት ግን አዲሱን ስም ከመምረጣችሁ በፊት በሁሉም ሪፖዎቻችሁ ውስጥ ፈልጉት፤ በአጋጣሚ ለሌላ ነገር የተጠቀመበት ሰው ሊኖር ይችላል።

የኋላ ተኳኋኝነት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲሱ ኮምፓይለር የድሮውን ፋይል ማንበቡን ነው። እርሱ ቀላሉ ነው። የሚያስጨንቀው የድሮው ኮምፓይለር አዲሱን ፋይል ሲያገኝ ነው፤ የድሮው አስቀድሞ ተለቅቋል፣ ልታስተካክሉት አትችሉም። አንዷ ባልደረባችን ፋይሉን አዲስ ስም ሰጥታ የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ላይ ኮሚት ታደርጋለች (ለውጡን ታስመዘግባለች)፤ ቨርዥኑን ያላሳደገው ሌላው ፑል ያደርጋል (ለውጡን ያወርዳል)፤ የእርሱ ኮምፓይለር ኮንፊግ እንደሌለ ቆጥሮ በዲፎልት ይገነባል። ያው ዝምታ እንደገና። ስህተት የገባበትን ለውጥ የሚፈልገውን ጊት ባይሴክት ይዛችሁ ወደ ቆየ ኮሚት ስትመለሱም፣ ኮምፓይለሩ በዚያው ሪፖ ውስጥ ካለና ኮንፊጉ ጊት የማይከታተለው የግል ፋይል ከሆነ፣ ይኸው ይገጥማችኋል።

መፍትሔው ያረጀ ነው፦ በድሮው ስም ወደ አዲሱ የሚያመለክት ሲምሊንክ ማስቀመጥ። ካርጎም ከ1.39 በፊት ያለውን ቨርዥን መደገፍ ለሚፈልጉ የሚመክረው ይህንኑ ነው። ኮምፓይለራችን ሁለቱ ስሞች ወደ አንድ ፋይል እንደሚያመሩ ሲያይ አይቆምም፣ አያጉረመርምምም። ዊንዶውስ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። እዚያ ጊት ሲምሊንክ መፍጠር ካልተፈቀደለት በሲምሊንኩ ፈንታ የመድረሻውን ስም ብቻ የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። «ኮንፊግ.ቶምል» ስትከፍቱት ውስጡ «ታሪፍ.ቶምል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። የድሮው ኮምፓይለር ይህን እንደ ቶምል ሊያነብ ሲሞክር ሰዋስዉ ስለማይሆን ጮሆ ይወድቃል። ይህ በእኔ ዓይን ስጦታ ነው፤ ቢያንስ ዝም አላለም። አዲሱ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ያሉ መስሎት ስለሚቆም፣ የድሮው ፋይል ይዘት የአዲሱ ስም ብቻ ሲሆን እንደ ሲምሊንክ እንዲቆጥረው ጥቂት መስመር ጨመርን።

ኮምፓይለሩ ውስጥ ያለው ሥራ ሲያልቅ ግማሹ ገና ነበር። ስሙን የሚያውቀው ኮምፓይለሩ ብቻ አልነበረምና። በራሱ በረስት ኮምፓይለር ፕሮጀክት ውስጥ ኮንፊጉን በረስት የተጻፈው ክፍል ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ቀድሞ የሚሮጠው የፓይተን ስክሪፕትም ያነበዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ቦታ መቀየር ነበረበት። የእኛም ማስጀመሪያ ስክሪፕት የትኛውን ቨርዥን ማውረድ እንዳለበት ከዚያው ፋይል ያይ ነበር። የኤዲተሩ ፕለጊንም እንዲሁ። ስሙን በጽሑፍ ፍለጋ ብቻ አትመኑ፤ «ኮንፊግ» የሚለውን ከአንድ ቦታ፣ «.ቶምል» የሚለውን ከሌላ ወስዶ የሚገጣጥም ኮድ ነበረን፣ ፍለጋው አላገኘውም። እኔ ቦታዎቹን የከፋፈልኩት ሲሳሳቱ በሚያደርጉት ነገር ነው። ዶከር ፋይል ውስጥ ያለ የኮፒ መስመር ፋይሉን ካጣ ይወድቃል፤ እርሱ አያሳስብም፣ በወደቀበት ሰዓት ይስተካከላል። የሚያሳስቡት ዝም የሚሉት ናቸው።

ከዝምተኞቹ ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው የሲአይ (ኮዱን በየለውጡ በራሱ የሚገነባና የሚፈትን ሥርዓት) ካሽ ነው፤ ካሽ ያለፈውን ውጤት ለዳግም ጥቅም ያስቀምጣል። ከሲአይ ሥርዓቶች አንዱ በሆነው በጊትሃብ አክሽንስ ላይ ሃሽፋይልስ የሚባለው ፋንክሽን የተባለውን ፋይል ካላገኘ ስህተት አይሰጥም፤ ባዶ ጽሑፍ ይመልሳል። የካሽ ቁልፋችሁ የድሮውን ስም ይዞ ከቀረ ኮንፊጉ ምንም ቢቀየር ቁልፉ አይቀየርም፤ ያረጀ ውጤት ከካሽ ይወጣላችኋል። ሁለተኛው ሜክ ነው፤ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚመጣ አይቶ የተቀየረውን ብቻ የሚገነባ መሣሪያ። ሜክፋይሉ «ይህ የሲ ፋይል ከኮንፊጉ ይመጣል» ብሎ የሚያውቀው ያኔ የነበረውን ፋይል ነው። ነገ ቅርብ ያለ ፎልደር ላይ አዲስ «ታሪፍ.ቶምል» ቢፈጠር፣ ሜክ ስላልነበረ ፋይል የሚያውቀው ነገር ስለሌለ እንደገና አይገነባም። የፋይል አለመኖርም ጥገኝነት ነው። እኛ በመጨረሻ ሜክ የኮምፓይለሩን «የትኛውን ኮንፊግ ትጠቀማለህ» ኮማንድ በየግንባታው እንዲጠይቅ አደረግነው፤ መልሱ ከተቀየረ እንደገና ይገነባል።

ስለ ማስጠንቀቂያው ብዙ አልልም። ወደ ስታንዳርድ ኤረር (የስህተት መልእክት ለብቻው የሚወጣበት መስመር) ይሂድ፣ ውጤቱን የሚያነቡ ስክሪፕቶች እንዳይሰናከሉ። በአንድ ሩጫ አንዴ ይበቃል። «ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስህተት ቁጠር» በሚለው አማራጭ ውስጥ አትክተቱት፤ ያንን ያበራ ሰው የጠየቀው ስለ ኮዱ እንጂ ስለ ፋይል ስም አይደለም። ገልብጦ የሚለጥፈውንም ኮማንድ ጻፉለት። ረስት እዚህ ላይ የሚወደድ ዘዴ አለው፤ ኮንፊጉ ውስጥ «ቼንጅ-አይዲ» የሚባል ቁጥር አለ፣ ገንቢው ለመጨረሻ ጊዜ ያየውን ለውጥ ያመለክታል። ከዚያ ወዲህ የተቀየረ ነገር ካለ እርሱ ብቻ ይነገረዋል፤ ቁጥሩን ሲያሳድገው ዝም ይላል። የስሙ መቀየርም የተነገረው በዚሁ መንገድ ነው። ተጠቃሚዎቻችሁ ብዙ ከሆኑ ኮርጁት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ማንበብ ከመጻፍ ይቅደም። የመጀመሪያው ቨርዥን ሁለቱንም ስሞች ያነባል፣ አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር ግን የሚጽፈው የድሮውን ነው። ይህ ቨርዥን ሁሉም ሰው ጋ መድረሱን ሳታረጋግጡ አዲሱን ስም የሚጽፍ ቨርዥን አትልቀቁ፤ ስልክ ቁጥር ቀይሮ ለማንም ሳይናገሩ የድሮውን ሲም እንደ መጣል ነው። ማስጠንቀቂያው ከዚያም በኋላ ይምጣ። ካርጎ አልቸኮለም፤ አዲሱን ስም የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን የድሮው ስም ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል ያወጣው በ1.78፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ነው።

የድሮው ስም ጨርሶ መቼ ይቅር የሚለው እስካሁን ያከራክረናል። አንድ ባልደረባዬ «ምን ይበላል? ለዘላለም ይነበብ» ይላል። እኔ አንድ ቀን ይቅር ባይ ነኝ፤ በየፎልደሩ ሁለት ስም መፈለግ ለአዲስ ሰው ኮዱን ያወሳስበዋል። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። ቀኑ ሲደርስ «ኮንፊግ.ቶምል»ን የሚፈልገውን ኮድ አንሰርዘውም። ከሰረዝነው የድሮው ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል፣ ኮምፓይለሩም በዲፎልት ይገነባል፣ ሳንቲሙም ይዛነፋል። ኮዱ እዚያው ይቀመጣል፤ ፋይሉን ሲያገኝ ማንበቡን ትቶ ይቆምና እንዲህ ይላል፦ «ኮንፊግ.ቶምል ከእንግዲህ አይነበብም። ስሙን ወደ ታሪፍ.ቶምል ቀይረህ እንደገና አስኪድ።» ስህተቱ ቴስትም አለው፤ ቴስቱ ዛሬውኑ ተጽፎ ተዘግቶ ተቀምጧል።